«ተቀመጡ» እስክንሰማ ድረስ

አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሰሜን የቱ ነው፣ ደቡብ የቱ ነው እያልኩ የስንቱን ልጅ ጆሮ ጎትቻለሁ። በዚያ እሑድ ጠዋት ግን ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች አስከትዬ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ተነስቼ፣ ቦሩ ሜዳ ገባሁ።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ኮምቦልቻ ከደሴ ቁልቁል ነው፣ ቦሩ ሜዳ በተቃራኒው። አንዱ ዘንድ ስትደርስ ኮት ታወልቃለህ፣ ሌላው ዘንድ ስትደርስ ጋቢ ትፈልጋለህ። ሁለቱን ማምታታት በጨውና በስኳር መካከል እንደ መምታታት አይደለም፤ በጨውና በአህያ መካከል እንደ መምታታት ነው።

እንዴት ሆነ ብትሉ፣ እኔ እያወራሁ ነበር። ረዳቱ መናኸሪያው በር ላይ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጣራል፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ለአንዱ፣ ለሼህ ይመር፣ አንድ የድሮ ርዕሰ መምህር ታሪክ እየነገርኩ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ባዶ ቦታ ጎን ለጎን አየሁ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ለእኛ የተቀመጠ ነው» ብዬ ገፋሁዋቸው። ሼህ ይመር መቁጠሪያቸውን ይዘው ገቡ። ሦስተኛው ሽማግሌ ጋሽ ጌታቸው ናቸው፤ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከሰውም ከበግም የዋህ። መኪና ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ጸሎታቸው እንደ መንገዱ ርዝመት ነው፤ ኮምቦልቻ ድረስ በቂ የሚሆን ጸሎት ጀመሩ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ በመስኮቱ አዩና፣ «መምህር፣ ኮምቦልቻ እንዲህ ባሕር ዛፍ ነበረው እንዴ?» አሉኝ።

«ይኖረዋል እንጂ፤ ከተማው እያደገ አይደል!» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም። ግን አልኩ።

«ብርዱስ?»

«ጠዋት ስለሆነ ነው።»

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ቦሩ ሜዳ መጨረሻ!» አለ። ሼህ ይመር ቀስ ብለው ወረዱ፣ ዙሪያውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንተ መምህር» አሉ፣ «ያስተማርካቸው ልጆች አሁን የት የት ደርሰው ይሆን? አላህ ያውጣቸው።»

የመልሱ መኪና እስኪሞላ ጠበቅን። ደሴ መናኸሪያ ስንመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ሰልፍ ግን አይንቀሳቀስም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል፤ እስኪነሳ ከሰዓት ይሆናል ተባለ። ልክ በሰዓታችን ሄደን ቢሆን ኖሮ ገና ሳይወድቅ እናልፈው ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሼህ ይመር ናቸው፣ ሦስት ጊዜ።

ጉዳያችን የገበያ ቢሆን እስቅ ነበር። ጉዳያችን ሽምግልና ነው።

አብዱ የሚባል ልጅ አለን። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳውን አልፏል። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ይዞ ኮምፒውተር ይጠግናል። አባቱ ወዳጄ ነበር፣ ሞተ፤ እንግዲህ የአባት ወግ ሲፈለግ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ምንም ያልሆነ ኮምፒውተሬን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠግን ዋለ። ሲጨርስ ጠመንጃ መፍቻውን እያገላበጠ፣ «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ አንዲት ልጅ አለች» አለኝ። ሐያት ትባላለች፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እናቷ ሞታለች። አባቷ ጋሽ ሰይድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሸማኔነት የጨረሱ፣ ከሽመና መኪና ጎን ቆመው ያረጁ ሰው ናቸው።

ሁለት ጊዜ ሄደናል። በመጀመሪያው «አስብበታለሁ» አሉን፤ ይህ ያለ ነው፣ በአንድ ቃል ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። በሁለተኛው «ደሴ ብርድ ነው» አሉን፤ ይህ ግራ አጋባን። ልጁ መጠጥ ይወዳል ቢሉን እንከራከራለን፣ ቤተሰቡ አይታወቅም ቢሉን እናስረዳለን፤ ብርድን ምን ብለህ ታስታርቃለህ? ስንለምናቸው ሦስተኛ ቀጠሮ ሰጡን፤ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። «ለሌላ ልጅ የመጡ ሽማግሌዎችም አሉ» አሉ፣ «ለእነሱ ስምንት ሰዓት ብያለሁ። የዚያን ቀን እቆርጣለሁ።» በፋብሪካ ጥሩንባ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አራት ሰዓት ካሉ አራት ሰዓት ነው። ቀጠሮ ያሳለፈ ሽማግሌ እሳቸው ዘንድ ሁለተኛ አይቀመጥም።

ባለ ቁልፏን ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። እንደ ሁልጊዜው ያነሳችው ሴት ናት። ጋሽ ሰይድ በስልክ አይነጋገሩም፤ አንዲት ልጅ የእኛን ቃል ለእሳቸው፣ የእሳቸውን ለእኛ ታቀብላለች። የጎረቤት ልጅ ናት ብለውናል። መንገዱ መዘጋቱን ነገርኳት። (ቦሩ ሜዳን አላነሳሁም፤ መንገዱ ተዘጋ ካልኩ በቂ ነው።)

«በስልክ ቃል አልቀበልም፣ የሽማግሌ ፊት ማየት አለብኝ ይላሉ» አለች። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብላ፣ «በቪዲዮ ከሆነስ አባ… ጋሽ ሰይድ?» ስትል ሰማኋት። ጥቂት ቆይታ፣ «ይሁን ብለዋል። ልክ በአራት ሰዓት» አለችኝ።

የጎረቤት ልጅ በሰው ጉዳይ እንዲህ ስትቸኩል ያኔ ልነቃ ይገባኝ ነበር።

እየሮጥን ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቴ ገባን። ሽማግሌ ሲሮጥ አይታችሁ ከሆነ፣ ከመራመድ የሚለየው በትንፋሹ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዘነበች በሩን ከፍታ፣ «ኮምቦልቻ በዚህ ፍጥነት?» አለች። እያለከለክኩ ወደ ኮምፒውተሬ አለፍኩ።

ስለ ኮምፒውተሬ ትንሽ ልንገራችሁ። አሮጌ ነው፤ ቫይረስ ገብቶበት ሊጣል ሲል አብዱ ውስጡን አጥቦ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ከዚያ ወዲህ ጤነኛ ሆነ፣ እኔ ታመምኩ። በሽታዬ ጉራ ነው። ከደሴ ጡረተኞች ሊኑክስ የሚጠቀመው እኔ ብቻ መሆኔን ያልነገርኩት የለም፤ ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ሰውዬ እንኳ ያውቃል። ካሜራ ገዛሁለት። ሴት ልጄ ደግሞ ያለ ገመድ የምትሠራ የጣሳ ያህል ክብ ድምፅ ማጉያ ላከችልኝ። ዘነበች ለሁሉም ዳንቴል ሠራችላቸው፤ ለስክሪኑ ትልቅ፣ ለማጉያዋ ክብ፣ ለካሜራው ቆብ የምታክል።

አራት ሰዓት ሲሆን ጥሪው ገባ። ጋሽ ሰይድ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን የያዘው ሰው አይታይም። እኛ ሦስታችን ከስክሪኑ ፊት በሰልፍ ቆምን።

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ገብቶ እንደ እንግዳ ዘፍ አይልም። ቆሞ የመጣበትን ይናገራል፤ ባለቤቱ «ተቀመጡ» እስኪለው ይቆማል። ተቀመጡ ካሉት ነገሩ ተስፋ አለው ማለት ነው። ካላሉት ደግሞ ቆሞ ይለምናል፣ ቆሞ ይመለሳል።

ሼህ ይመር ሰላምታውን አወረዱ፣ ዱዓ አደረጉ፣ የመጣንበትን ተናገሩ። ጋሽ ሰይድ አዳመጡ፣ ወደ ስልኩ ጎን ጆሮአቸውን ሰጡ፣ ከዚያ መለሱልን።

የሰማነው ነገር የሰው ቋንቋ አልነበረም። በርሜል ውስጥ ገብቶ በአፍንጫው የሚናገር ሰው፣ እላዩ ላይ ደግሞ ሽንብራ የሚቆላለት ዓይነት ነው። አንድ ቃል ይመጣና ግማሹ ይጠፋል፤ ሌላው ይመጣና ተሰባብሮ ይወድቃል።

«ምን አሉ?» አሉ ሼህ ይመር።

«እየሰማሁ ነው» አልኩ። አልሰማሁም።

ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ አደረጉ። ጋሽ ጌታቸው ደስ ብሏቸው ጉልበታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ሼህ ይመር ክንዳቸውን ያዙ።

«የት ነው?»

«ተቀመጡ እያሉን እኮ ነው፤ እጃቸውን አዩት።»

«ዝንብ እያባረሩ ቢሆንስ? ቃል ሳልሰማ አልቀመጥም። በእጅ ጥቅሻ ልጅ አይሰጥም።»

እንግዲህ ቆምን። አስከፊው ምን መሰላችሁ? ጋሽ ሰይድም እኛ ቆመን ሲያዩ ጊዜ ተነሱ። ሽማግሌ ቆሞ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ ብለው ነው መቼም። በወዲያ በኩል ያለ ቤት ቆመ፣ በወዲህ በኩል ያለ ቤት ቆመ። ጭንቅላታቸው ከስክሪኑ በላይ ወጣና የቀረልን ሆዳቸው ነው። ስልኩ ተስተካክሎ ፊታቸው እስኪመለስ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር ስንተያይ ቆየን።

መልሰን ስልክ እንዳንደውል፣ ያላቸው አንድ ስልክ ራሱ እኛን የሚያሳያቸው ነው። ወረቀት ላይ በትልቁ «ድምፅ የለም» ብዬ ጽፌ አሳየሁ። ጋሽ ሰይድ አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያም ሽመና መኪና መሐል እንዳሉ ሆነው መጮህ ጀመሩ። ሽንብራው ጠጠር ሆነ።

እንግዲህ የሊኑክስ ሊቁ እኔ ነኝ። ድምፁን ጨመርኩ። መቶ ላይ ነበር፤ ሊኑክስ ደግሞ ለጋስ ስለሆነ ከመቶ በላይ ቢገፉት እሺ ይላል። መቶ ሃምሳ አደረስኩት። ዘነበች ከጓዳ፣ «ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ?» አለች። የማጉያዋን ዳንቴል ገፈፍኩ፣ የካሜራውን ቆብ አወለቅኩ፤ ምንም። ጋሽ ጌታቸው የኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ እጃቸውን ጭነው ጥቂት ጸለዩ። ሼህ ይመር ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። አልተፈወሰም፣ አልፈራምም።

የቀረው አብዱ ነው። አብዱ ደግሞ በዚህ ቀን ሊጠራ የማይገባው ብቸኛ ሰው ነው። ሽማግሌ ልኮ ከሽማግሌ መሐል ድምፁ የተሰማ ሙሽራ ይቅርና፣ በዚያ ሰፈር ያለፈ ሙሽራ እንኳ ዓይን አውጣ ይባላል። ሱቁ ቁጭ ብሎ ውጤቱን እንዲጠብቅ ነግሬዋለሁ። በጎን ዞሬ ደወልኩለት።

«ምን አሉ ጋሼ?» አለኝ ገና ሳልናገር።

«አንተ ስለ ኮምፒውተሩ እንጂ ስለ እሱ አትጠይቅ! መንገዱ ተዘግቶ ከቤቴ በቪዲዮ እየለመንን ነው፤ ድምፁ ተበላሽቷል።»

«ጋሼ፣ እኔ በዚህ መግባት የለብኝም። ነውር ነው።»

«ነውሩን ለእኔ ተወው፣ አንተ ድምፁን ስጠኝ።»

ሁለት እጄን ስለምፈልግ የስልኩን ድምፅ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ከመቶ በታች አስወረደኝ። ጠጠሩ ወደ ሽንብራ ተመለሰ። ከዚያ የድምፅ ማስተካከያውን አስከፈተኝ።

«ማይክ የሚለው ላይ ምን ተመርጧል?»

«የማጉያዋ ስም ነው ያለው።»

«ያው አገኘነው! ጋሼ፣ ማጉያዋ ማይክም አላት። አውሪም ስሚም ሲሏት አቅሟን ለሁለት ትከፍልና ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ይሆናል። መስማቱን ለካሜራው ይስጡት፣ እሱም ማይክ አለው። እሷ ታውራ ብቻ።»

ሼህ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ዕቃ ዘመድህ ናት» አሉ። «ልዩነታችሁ፣ እሷ ቢያንስ ለመስማት ትሞክራለች።»

ካሜራውን መረጥኩ። ለውጥ የለም። አብዱ፣ «ተጣብቆ ቀርቶ ነው፤ የድምፁን ክፍል ብቻ አጥፍተን እናስነሳው» ብሎ ጥቁሩን መስኮት አስከፈተኝ። ሊኑክስ ጥቁር መስኮት አለው፤ እዚያ ውስጥ በጽሑፍ ታዝዘዋለህ እንጂ በሥዕል አትለማመጥም። አብዱ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ፊደል በፊደል ይጠራልኛል፣ ጋሽ ጌታቸው እንደ መዝሙር ይደግሙታል፣ እኔ በአንድ ጣቴ እለቅማለሁ። በስክሪኑ ሌላ ጥግ ጋሽ ሰይድ ግንባራቸውን ቋጥረው ቆመው ያዩናል። ሦስት ሽማግሌ ልጅ ሊለምን መጥቶ ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ ሲል ምን መስሎ ይታይ ይሆን?

አንድ ፊደል ስቼ ኖሮ ኮምፒውተሩ መለሰልኝ።

«ምን አለ?» አሉ ሼህ ይመር።

«አላውቅህም ነው የሚለው።»

«እውነቱን ነው። አብሬህ አርባ ዓመት ኖሬ እኔም አላውቅህ።» ከዚያ በጉልበታቸው ላይ እጃቸውን ጫኑና፣ «ቶሎ በል እንግዲህ» አሉ፤ ይኼኛው ቀልድ አልነበረም። ሼህ ይመር ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። አርባ ደቂቃ ቆመዋል። ወንበር ብስብላቸው በእጃቸው ገፉት።

እንደገና ጻፍኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ሽንብራው ጸጥ አለ። ምንም የለም፣ እስትንፋስ እንኳ የለም። ገደልኩት አልኩ በልቤ።

ከዚያ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ሲነፋ ሰማሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ባጃጅ! ቀጥሎ የሰው ድምፅ መጣ፣ ጥርት ያለ፣ ጎኔ ተቀምጦ የሚያወራ ይመስላል። የጋሽ ሰይድ ድምፅ ነው። ለእኛ ግን አልነበረም የሚናገሩት።

«…ተቀመጡ ብዬ ብዬ ደከመኝ፣ ሐያት። ሼሁ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ምን ዓይነት ኃጢአት ነው የምገባው?»

«አይሰማቸውም አባዬ!» አለች ስልኩን የያዘችው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን እየለየች። የጎረቤቷ ልጅ ያው ሐያት ነበረች።

«እኔስ መቼ ይሰማኛል?» አሉ ጋሽ ሰይድ። «የሽመናው መኪና ጆሮዬን ወስዶታል። አንቺ ባትነግሪኝ የማን ቃል ይገባኛል? ልጁን ጠይቄ አጣርቻለሁ፣ ወላሂ ነውር የለበትም። ግን ደሴ ሲወስድሽ፣ ሰው ቤቴ መጥቶ ሲጫወት ማን ያቀብለኛል? ምን እንደሚያስቃቸው ሳላውቅ አብሬ መሳቅ ሰለቸኝ፣ ልጄ።»

ሥዕሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይህን ለሽማግሌ ምን ብዬ እነግራለሁ? ለጆሮዬ ስል ልጄን አስቀረሁ ልበል? ብርድ ነው አልኩ። ሌላ ነገር አጣሁ።»

ስልኩ ዘንበል አለና የቤቱን ኮርኒስ አሳየን።

የሼህ ይመር መቁጠሪያ ቆመ። ጋሽ ጌታቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የአሁኑ ጸሎት ርዝመቱን አላውቅም። እኔስ? ጆሮዬን ወደ ማጉያዋ አስጠጋሁ።

«ንገራቸው እንጂ» አሉ ሼህ ይመር በሹክሹክታ። «የሰው ምስጢር ላይ ነው የቆምነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ልቆይ ነበር። ክፉ ልማድ ነው። ሼህ ይመር ክንዴን ቆነጠጡኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን ስልኬን ከነተከፈተች ኮቴ ኪስ ከተትኳትና ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጋሽ ሰይድ! አሁን ይሰማል!»

ሥዕሉ በድንጋጤ ተመለሰ። ሐያት ለአባቷ ነገረቻቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰማው?» አሉ።

«አሁን! በዚችው ሰከንድ!» አልኩ።

ሼህ ይመር ወደ ጣራው ቀና ብለው «አስተግፊሩላህ» አሉ፣ በቀስታ። ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩ እስከዛሬ አላውቅም። ሽማግሌ የተላከበትን ይናገራል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። እኔ ግን፣ «ጋሽ ሰይድ፣ አውፍ፣ ይቅር በሉን፣ አንድ ነገር ሳንነግርዎ ረስተን ነበር» አልኩ። «ደሴ ብርድ ነው ብለውን ነበር። ልጁም ብርዱ አልተስማማውም። ሱቁን ነቅሎ ኮምቦልቻ ሊያዞር አስቧል። እርስዎ ከፈቀዱ ጎረቤትዎ ነው የሚሆነው።»

ጋሽ ጌታቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ሼህ ይመር አፋቸውን ከፈቱ። ልጁን አልጠየቅኩትም። ኑሮውን፣ ደንበኞቹን፣ ሱቁን፣ ሁሉን ነቅዬ ሐረጎን አሻገርኩበት፤ መንገዱ ዝግ ሆኖ ሳለ።

ሐያት ለአባቷ ልታቀብል ገና አፏን ሳትከፍት፣ ከደረቴ ውስጥ ድምፅ ወጣ።

«አዎ! አስቤአለሁ! እዞራለሁ፣ ወላሂ እዞራለሁ!»

ኪሴ ነው። አብዱ ሁሉንም ሰምቷል። ጥርት ካለው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ የአባቷን ልብ ሰምቷል፤ እኔ ያላወቅኩት እሱ ዝም ብሎ ማልቀሱን ነው። በኋላ ነገረኝ።

በኪሴ ላይ እጄን ጫንኩ፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም። ሽምግልናው ፈረሰ፣ ልጁ ዓይን አውጣ ተባለ፣ እኔም ከዚህ ወዲያ ለድመት እንኳ ሽማግሌ አልሆንም ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። ሐያት ናት። አፏን ይዛ ልታፍነው ሞከረች፣ አመለጣት። ሥዕሉ ከሳቋ ጋር ይዘላል።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ ግራና ቀኝ እያዩ። «ምን ተባለ? ምንድን ነው የሚያስቅሽ?»

ያኔ አየናት። ሻሿ ወደ ሥዕሉ ገባ፣ ከዚያ ጉንጯ። ወደ አባቷ ግራ ጆሮ ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው። ስለ ኪሴ ነገረቻቸው፣ ከኪሴ ስለወጣው ቃል ነገረቻቸው፣ አንዱንም ሳትዘል፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ጋሽ ሰይድ ቃል በቃል ሲደርሳቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። መጨረሻው ሲደርሳቸው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮፍያቸው እስኪዘነብል ሳቁ፣ ምን እንደሚያስቃቸው እያወቁ።

ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «ሽማግሌ ብዙ አይቻለሁ» አሉ፣ «ሙሽራ በኪሱ ይዞ የመጣ ግን አላየሁም።» ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ስሕተት እንዳይኖር ቃሉን ቆርጠው፣ «ተ ቀ መ ጡ!» አሉ።

ጥርት ብሎ ተሰማ። መቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሼህ ይመር ጉልበታቸውን አይተው፣ «አሁንማ በየት በኩል ይታጠፋል?» አሉ። ጋሽ ጌታቸውና እኔ በሁለት ብብታቸው ይዘን ወንበሩ ላይ አወረድናቸው፤ ወዲያው እኛም ወደቅን እንጂ አልተቀመጥንም። ዘነበች ከጓዳ ብቅ ብላ ሦስታችንን አየችና፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ ልበል ወይስ ነፍስ ይማር?» አለች።

ሼህ ይመር ዱዓ አደረጉ። እኛ «አሚን» ስንል የኮምቦልቻው «አሚን» ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምርቃት ሁለት ጊዜ ተባረከ። ከኪሴም አንድ ቀጭን አሚን ትሰማ ነበር። ዝም አልናት። ለስምንት ሰዓቱ ሽማግሌዎች ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ምሳ አብልተው ሸኟቸው አሉ።

ኒካው ታሰረ። አብዱ ቃሉን ጠብቆ ሱቁን ኮምቦልቻ አዞረ፤ ከጋሽ ሰይድ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። ከሱ ወዲህ ኮምፒውተሬ ሲታመም የሚያክመው የለም፤ ቅጣቴ ነው፣ ተቀብያለሁ። ለአማቱ ሲናገር እንደ ሌላው ሰው አይጮህባቸውም አሉ። ይጠጋና በዝግታ ያወራል።

በሰርጉ ቀን ጋሽ ሰይድ ከእንግዳው መሐል ጎትተው አወጡኝ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ያን ቀን ድምፁ መሰማት የጀመረው መቼ ነው?»

«ነግሬዎ የለ እንዴ ጋሽ ሰይድ፣ በዚያችው…»

«ጆሮዎ ቀላ» አሉኝ። «የእኔ አይሰማም እንጂ የሰው ጆሮ ሲቀላ አያለሁ።»

እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። እሳቸውም አልተቆጡም። ከበሮው ወደሚመታበት ዞር ብለው ትንሽ አዩና ክንዴን ያዙኝ።

«አሁን እንግዳ በዝቷል፤ ይቆየን። አንድ ቀን ብቻዎን ይምጡና በግራ ጆሮዬ በኩል ይቀመጡ። የሰማችሁትን ከመጀመሪያው፣ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ። ያን ቀን የተናገርኩትን እኔም ራሴ በደንብ አልሰማሁትም።»

እሺ አልኳቸው። ሦስት ወር ሆነው። ዛሬ ነገ እያልኩ አልሄድኩም፤ ቃላቸውን በልቤ ይዤዋለሁ፣ ሲደርስ አፌ ከራሱ ጨምሮ እንዳይከዳኝ ነው የምፈራው። የምቀመጠው በግራ ጆሮአቸው በኩል ነው፤ እሱን አልረሳሁም።